ከማቀዝቀዣው ጎን ያለችው በርጩማ

ትሮምሶ፣ ከወደቡ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
በኅዳር፣ ፀሐይ የሁለት ወር ፈቃድ ወስዳ ከሰማይ፣
ሱኒቫ መጣች፤ ደብተር በእጇ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ።
«የት ልቀመጥ?» አለች። የት እናስቀምጣት?
ከማቀዝቀዣው ጎን፣ አንድ እግሯ አጥሮ የምትንገዳገድ በርጩማ ሰጠናት፤
ሳምንት ትቆያለች ብለን።
ሰባት ወር ከረመች።

እኛ ዓሣ እናጠናለን፤ እሷ ደግሞ እኛን።
መጀመሪያ ጭንቅ ነበር፤ የገዛ እጃችን አሳፈረን፤
ኤይሊፍ ጢሙን ተላጨ፣ እኔ ካፖርቴን አሳጠብሁ፣
አለቃችን ትሩልስ «እባካችሁ» ማለት ጀመረ፤ በጆሮዬ ሰማሁ።
ኋላ ግን ረሳናት፣
እንደ ማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣ ሲቆም ብቻ እንደሚሰማው።

ሥራችን ይህች ናት፦
ከዓሣው ራስ ቅል ባቄላ የምታህል የጆሮ ድንጋይ እናወጣለን፣
ለሁለት ሰብረን ከማጉያው ሥር እናጋድማለን፤
አንድ ብሩህ፣ አንድ ጨለማ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ብርድ፣
ቀለበት ቆጥረን ዕድሜ እንሰጣለን፣ ያለ አንዳች ፍርድ።
እንዲህ ነበር የማምነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት።

አንድ ሐሙስ
እኔ «ሰባት» አልሁ፣ ኤይሊፍ «ስምንት»።
ዳር ላይ ያለችው ጭረት ዓመት ናት ወይስ የረሃብ ወራት?
ተከራከርን። ሻዩ ቀዘቀዘ።
በመጨረሻ ፖስታው ላይ «ሰባት» ብዬ ጻፍሁ፣
ከጎኑም የጥያቄ ምልክት አኖርሁ።
የኮምፒዩተሩ ሣጥን ግን ቁጥር እንጂ ሌላ አይበላም፤
ምልክቷን ተፋት። ተውናት፤ አልተጨነቅንም።
ከማቀዝቀዣው በኩል ድምፅ መጣ፦
«ጥያቄዋ የት ወደቀች?»
ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ለካ ቢሮዋ እዚያ ነበር፣ ጥያቄ በሚወድቅበት ስንጥቅ።
ያቺን «ሰባት» ተከትላ ሄደች፣ የትም ድረስ ብትርቅ፤
ከእኛ ፎቅ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሚኒስትር ጠረጴዛ፣
ከዚያም ሼርቮይ፣ የአሮጌው ኦድቫር ጀልባ ድረስ፣ ደብተሯን ይዛ።
እሱ መረቡን እየጠገነ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ማነው የቆጠረው?» አላት።
«እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ደግ ሰው» አለችው።
ኋላ ከጻፈችው ላይ አነበብሁት፤
ስለ እጄ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
የስንት ሺህ ዓሣ ጆሮ ሰብሬ፣ የራሴ አመለጠኝ።

ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ መግባት ስትረሳ፣ ሄደች።
በርጩማዋን ልናወጣ ስናነሣ፣ ከአጭሩ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት፤
ከደብተሯ የተቀደደ፣ በእርሳስ፦
«ሐሙስ። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ዝም አሉ። ከዚያ ሰባት ሆነ።»
ኤይሊፍ አነበበው። እኔም።
መልሰን አጥፈን ቦታው ላይ አኖርነው።
በርጩማዋ አሁንም ትንሽ ትንገዳገዳለች።