ጥያቄ አርባ ሦስት

መብራት ሄደ ደግሞ። ሻማዬን ለኮስኩ፣
ጣቴን እንደ ዕልባት ገጹ ላይ መለስኩ።
"ወለድ" ይላል መስመሩ፤ "ወለድም ይወልዳል፣
የተኛ ብር እንኳን የልጅ ልጅ ያሳድጋል።"
መልካም ቤተሰብ ነው ወረቀት ላይ ያለ፤
ክርስትና የለው፣ ለቅሶ ቤት ያልዋለ፣
ዘመድ በሩ ቆሞ "አበድሩኝ" ያላለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከባንኩ መስኮት ሥር
የጎማ ጣት ለብሼ ስቆጥር የሰው ብር፣
ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም ነበር።
አንድ ቀን አንድ አባት፣ ጡረታቸውን ቆጥረው፣
ደግመው ቆጥረው፣ መስታወቱን ተደግፈው፣
"ልጄ፣ ይህ ይበቃኛል?" ብለው ጠየቁኝ።
ሰልፉ ረዝሞ ነበር። "ቀጣይ!" አልኩ፣ ቀናም አላልኩኝ።
መልሱን ልፈልግ ነው ከዚያ የወጣሁት፣
ደመወዜን ትቼ ሰው አፍ የገባሁት።

ዛሬ "የገንዘብ አማካሪ" ነኝ፣ "ጀማሪ" ቢሉኝም፤
ከተበደርኩት ላፕቶፕ ሌላ ቢሮ የለኝም።
ደንበኞቼ ሁለት። አንዱ ሎጊታ ነው፣
የምክሬን ዋጋ በባጃጅ የሚከፍለው፣
ከመናኸሪያ ሐይቅ ዳር፣ ከሐይቅ ዳር ቤቴ፤
(ይህን ከየትኛው ገቢ ልጻፈው በሞቴ?)

ሁለተኛዋ ዱካሌ ናት፣
አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብስ፣ የዘይት ሽታዋ የሚቀድማት፤
ራሰ መላጣ አባ ኮዳ፣ ልክ እንደ ግብር ሰብሳቢ፣
ከጎኗ ቆሞ የሚጠብቃት።

ፎርሙን ዘረጋሁ። "የወር ገቢሽ ስንት ነው?"
የሐዋሳን ሐይቅ አየችው። "እሱን ጠይቂው።"
"ወጪሽስ?"
ጣቷን ታጥፍ ጀመር፤
የከሰል፣ የዘይት፣ የትንሹ ልጅ ደብተር፣
የእድር፣ የወንድሟ ልጅ ሠርግ፣
የጎረቤት ለቅሶ፣ የአማቷ መድኃኒት፣
ጣት አለቀባት።
እጄን ያዘችና
በእኔ ጣት ቀጠለች።

"ስጋት የመሸከም አቅምሽስ? ዝቅተኛ? መካከለኛ? ከፍተኛ?"
ሳቀች። በአገጯ ውኃውን አሳየችኝ፤
"ልጄ ሌሊት ሌሊት ጀልባ ላይ ነው። ዋና አይችልም።
የቱ ሳጥን ውስጥ ነው ምልክት የምታደርጊልኝ?"

ቀጥላ፣ ድንገት፣ ዓሣውን እየገለበጠች፣
"አንቺስ ለክፉ ቀን ምን አለሽ?" አለች።
እውነቱን ነገርኳት፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብር፣
የፈተናውም ክፍያ የእቁብ ዕጣዬን
አስቀድሜ፣ ለምኜ፣ የወሰድኩት ነበር።
አልሳቀችብኝም። አንድ ዓሣ በጋዜጣ ጠቀለለች።
"ባዶ ሆድ ሒሳብ አይገባውም" አለች።

ሻማው አጥሯል አሁን። ቅዳሜ ነው ፈተና።
ጥያቄ አርባ ሦስት፦ "ደንበኛዋ አርባ ዓመቷ ሆነና፣
ገቢዋ ቢዋዥቅ፣ ጡረታ ባይኖራት፣
ሁለት ጥገኛ ቢኖራት፣
የስንት ወር ወጪ ነው መጠባበቂያ የሚያሻት?"
ሀ፣ የአንድ። ለ፣ የሦስት። ሐ፣ የስድስት።

መልሱ "ሐ" ነው። አውቀዋለሁ።
ዱካሌንም ያኔ "የስድስት ወር" ብያታለሁ።
"ወር" የሚለው ላይ ቆመች።
"እኔ በቀን ነው የምኖረው፤ በቀን ንገሪኝ" አለች።

ቀን ሰጠኋት። የወተት ጣሳ፣ ክዳኑ የታሸገ፣
ዓሣ ሲገኝ አሥር ብር፤ ሐይቁ ዝም ካለ፣ ዝም።
ባለፈው ማክሰኞ ነቀነቀችው፤
የወረቀት ብር ነውና ድምፅ አልሰጣትም።
ኪሷን በረበረችና አንዲት ሳንቲም ጨመረች፣
"ይኸው፣ አሁን ያወራል" አለች።

"ሐ"ን አከበብኩት።
ከጎኑ፣ በእርሳስ፣ ማንም ለማያየው፣
"ከአሥረኛው ጣት ወዲያ ያለውስ?" ብዬ ጻፍኩት።

መብራት መጣ። ሻማውን እፍ አልኩት።
አውራ ጣት የምታህል ቀርታለች፤
ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።