ሦስት ፊደል

ዘቢባ ከካርድ ክፍል መስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ
«ጥያቄ! ጥያቄ! ጥያቄ!» ብላ ተጣራች።
አግዳሚው ሙሉ በሽተኛ እርስ በርሱ ተያየ፤
አንዲት የአጋሮ ሴት ብቻ፣ ሳሏ እያቋረጣት፣ ሳቀች።

ከዚያ ተጠራሁ እኔ፦
«ያንተ ኮምፒውተር የሰው ስም ይበላል እንዴ?»

የጅማ ሐምሌ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
አዌቱ ሞልቶ የድልድዩን እግር ይልሳል፣
እኔ ሌላ ሰው የጻፈውን ፐርል ይዤ አመሻለሁ።
እሱ ደመወዝ ተሻለው፣ ሄደ፤ የተወልኝ ማስታወሻ
አንዲት መስመር ናት፦ «እዚህ ጋ እንዳትነካ።»

ነካሁ።

ሰኪና አባ ቡልጉ። ሰኪና፣ በእስክሪብቶ ሦስት ፊደል።
ርዝመቷን ፐርልን ብጠይቀው ዘጠኝ አለኝ፤
ይሁን፣ ፊደላችን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ያዘለ ነው።
የሰኔውን ፋይል ከፍቼ ብጠይቀው አሥራ ስምንት።
ይኼስ የሰው እጅ አለበት።

የታሰረውን ነዶ ያልታሰረ መስሎት
ደግሞ አሰረው አንዱ፣ ልጥ በልጥ ላይ ጥሎ፤
ይኸው «ሰ» ፈረንጅ ሆና፣ ባርኔጣ አጥልቃ፣
ከትከሻዋ በላይ የዲግሪ ክብ ተንጠልጥሎ፤
ሴትዮዋ ድና ወጥታ ስሟን ትኩሳት ያዘው።

«ሰፊ ፊደል» እያለ ፐርል ያስጠነቅቀኛል።
ሰፋን እንዴ እኛ? ወይስ በሩ ጠቦ ነው?
ሲገባ ፍታው፣ ሲወጣ እሰረው፤ መላው ይኸው ነበር።
ቸኩዬ ሁሉን በአንድ ጊዜ ፈታሁት፣
ደህና የነበረው የመጋቢት መዝገብ ተበተነ።
እንደገና፣ መስመር በመስመር፣ እየዳሰስኩ፤
ሰኪና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰች።

አርባ አንድ ሰዎች ግን አልተመለሱም።
ከሥራቸው የተደበቀ ባይት ፈለግሁ፦
ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሦስት።
ጥያቄ ምልክቱ መጋረጃ አይደለም፤ ከኋላው ባዶ ነው።
ይህን የሚፈታ ትእዛዝ የለም።

ጠዋት ጫማዬ ረጥቦ አግዳሚው ጋ ሄድኩ፤
ትናንት የሳቀችው ሴት ዛሬም አለች።
«ስምዎ ማን ነው፣ እናቴ?»
«ሐፍሳ።»
«በሀሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ?»
ሳሏን ጨርሳ አየችኝ፦
«እኔ ምን አውቄ። ስትጠሩኝ እኔ መሆኔን ልወቅ እንጂ።»

በሐመሩ ጻፍኩት።
ፈትቼ አስገባሁ፣ ርዝመቱን ጠየቅሁ።
ሦስት።