ሁለት ጣት ክፍተት

ሩስታቪ ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካው ማዶ፣
አንድ መኪና መጣ ጋራዣችን ወርዶ፤
ጃፓን የተሠራ፣ በቀኝ የሚነዳ፣
ባምፐሩ አዲስ፣ ያልተከፈለ ዕዳ።

ባለቤቱ ቫዣ፣ ጢም ያላበቀለ፣
«ማርሚታው ከሥር ነው፣ አይታይም» አለ።
«በባምፐሩ መሃል በስቶ ይውጣልኝ፣
እንዳለፍኩ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እንዲያየኝ።»

አባቴ ኑግዛር በጀርባው ተኛና
ከመኪናው ሥር ገባ ቧንቧውን ሊያጠና፤
ዝገት ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ተሳደበ፣
የብረቱን መንገድ በጣቱ አነበበ፤
አክሱን ዞሮ፣ ሰልባትዮውን ሸሽቶ፣
ትንሽ ቀና ብሎ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወጥቶ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት አጣብቋል፤
ያለ ሜትር ልኩን ዓይኑ ብቻ ያውቃል።
ዛሬ ግን ጠመኔው እጁ ላይ አልጸና፤
ክብ ሥሎ ሲያበቃ ዕንቁላል ሆነና
በእጅጌው አጠፋ። ደግሞ ሣለ። ደግሞ አጠፋ።
ቫዣ ስልኩ ላይ ነው፤ ማስቲካውን ደጅ ተፋ።

ካለፈው ኅዳር ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሰው ሲመጣ ፈጥኖ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

«ላሊ፣ ነይ» አለና ግራይንደሩን ሰጠኝ፤
ለምን እንደሆነ እሱም አልነገረኝ።
ቆረጥኩ። ፕላስቲኩ ቀለጠ፣ ሸተተ፣
ነጭ ብናኝ ቅንድቤ ላይ ሰፍሮ ሰነበተ።
ቧንቧውን ብንሰካው ልክክ ብሎ ገባ፤
ቫዣ አጨበጨበ። አልተደሰተም አባባ።

«አስፊው» አለኝ። «ዙሪያውን ሁለት ጣት ይሁን።»
«ያስጠላል!» አለ ቫዣ።
                    «እስቲ አስነሣው ሞተሩን።»

ተነሣ።
ቧንቧው ዘለለ፣ ጠርዙን ጓ ጓ መታ፣
ሰክሮ እንደ መጣ ባል፣ በሩ እንደተዘጋበት ማታ።

«ይህ ብረት» አለው አባቴ፣ «ጎማ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤
ሞተሩ በተነሣ ቁጥር መወዛወዝ አለው።
አጥብቀህ ብታስረው ብየዳው ይሰነጠቃል፤
ቦታ ብትነፍገው የከበበውን ያቀልጣል።»
ይህን ሲል ቀኝ እጁ ከኪሱ ወጥቶ ነበር፤
ቫዣም አየው፤ ያየውን አልጠየቀም ነገር፤
ብቻ ድምፁን ቀንሶ «እሺ፣ ይስፋ» አለ፣
ግማሹን ከፈለን፣ ግማሹን ለዓርብ ቀጠረ።

አሰፋሁት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ።
መኪናው ሲሄድ ጭሱን እስከ ድልድዩ ድረስ አየሁ፤
ቧንቧው ክፍተቱ ውስጥ ይርገበገባል፣ ማንንም አይነካም፣
ማንም ዞር ብሎ ግን አላየውም።

ማታ ለአባቴ ሻይ ስቀዳ ብርጭቆውን አልሞላሁም፤
ሁለት ጣት አጎደልኩ።
እሱም ለምን አላለኝም።