ቀሪ

ታርቱ ከተማ፣ «ሾርባ ሰፈር» በሚሉት የእንጨት ቤቶች መንደር፣
መንገዱ ሁሉ ስሙ የጓሮ ነው፤
አንዱ ድንች፣ አንዱ ባቄላ፣ የእኛው አተር።
ከላይ እኔ ተከራዩ፣ ከታች ባለቤቱ ኤንደል፤
የባቡር ጭነት መዝጋቢ ነበሩ፣ ጡረታ ወጡ፤
ወንዙ በረዶ የለበሰ ዕለት አንድ ቁጥር ይዘው መጡ፦

ሁለት ቢሊዮን
መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን
አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ
ስድስት መቶ አርባ ሰባት።

«ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዛና አንድ ቀንስ፤ ይኸው እሱ።
ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም አሉ፤ እስቲ እኔም ልየው።»
ስልኬን አወጣሁ፦ «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተረጋገጠ ነው።»
«አውቃለሁ» አሉ። «የሰው ሞትም በወሬ ይታወቃል፤
ለቅሶ ግን በእግር ነው የሚደረሰው።»

ሁሉም ቁጥር በሩን አያንኳኳም፤
ለስልሳ ሁለት ተካፍሎ አንድ የሚተርፈው ብቻ፤
እሱም ተነፍቶ፣ ተበጥሮ፣ ሰማንያ አራት እጩ ቀረ።
በምሽት አንድ፣ ባረጀ የጭነት ደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ፦
ሦስት መቶ አሥራ አንድ ገባ፤ ሠላሳ አምስት ተረፈ።
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሦስት ገባ፤ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ተረፈ።
የመጣው ሁሉ ትራፊ ጥሎ አለፈ።

ይህ ቤት በሶቪየት ጊዜ ለአምስት ቤተሰብ ተሸንሽኖ ነበር፤
በቺፕውድ ግድግዳ፣ አንድ ምድጃ በተራ።
እርሻውን ማኅበር ወሰደው፤ አባትን ባቡር፣ ወደ ምሥራቅ፤
ታላቅ ወንድም ሄይኖ በጀልባ ወደ ስዊድን፣ «እመለሳለሁ» ብሎ።
የሄደውም ቀሪ፣
የቆየውም ቀሪ።

ጥር ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣ ደረጃው ተንቋቋ።
በካልሲ ቆመዋል፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ይርገበገባል።
«ዜሮ ወጣ።»
መርዶ ይሁን ብሥራት ከፊታቸው መለየት አቃተኝ።
አኃዝ በአኃዝ አብረን ወረድን፤
ስድስተኛው መስመር ላይ፣ ተበድረው ያልመለሷት
አንዲት አንድ ተገኘች።
«ዕዳ ነበረብኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም።
«ለአንድ ሰዓት ያህል ግን ጓደኛ አግኝቶ ነበር።»

መጋቢት ሲገባ፣ በረዶው ወንዙ ላይ ሲሰነጠቅ፣
ዓይናቸው ደክሞ እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ፤
የመጨረሻው፣ አርባ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስት።
አካፈልኩ። አሥራ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ ተረፈ።
«ጻፈው።»
ጻፍኩት።

«በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል» አልኳቸው።
ጥቂት አሰቡ። «በእኛ መነሻ ቁጥር ነው።»
ደረሰኞቹን በክር አሰሩ፤ ምድጃው ውስጥ ሊጨምሩ ነው ስል፣
ለስዊድን የሚሆን ቴምብር
ስንት እንደገባ ጠየቁኝ።