አሳላፊ

አርባ ዓመት ሙሉ ድልድይ ያነሣ፣ ድልድይ ያወረደ፣
ጀልባ አሳላፊ ነበር ሲብረን፣ እዚሁ ዶኩም የተወለደ።
ደወሉን ደውሎ መኪናውን ሁሉ ካቆመ በኋላ
ብረቱን በእጁ ያዞራል፣ መንገዱ ተነሥቶ ቦዩ ላይ እስኪያጠላ፤
ከዚያ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ በሲባጎ ጫፍ አንጠልጥሎ
የእንጨት ጫማ ይሰድዳል፣ "የማለፊያውን ጣሉ" ብሎ።

አሁን ክፍል አሥራ አራት ነው።
ድልድዩን ከሩቅ ያለ ሰው በካሜራ እያየ ያነሣዋል።
እሱን ደግሞ እኔ አነሣዋለሁ፣
በብብቱ ገብቼ፣ በስንት "ቀስ"፣ በስንት "አይዞዎት"።
ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ነው።
ሞርፊኑ ይደርስበታል፣ አይይዘውም።

ሰኞ ሌሊት ትራሱን ሳገላብጥለት
"ማረፍ አማረኝ" አለ፤ እንዳልሰማ አለፍኩት።
በእነሱ አፍ ማረፍ፣ ማረፍ ነው፤
በእኛ ግን ቃሉ ሁለት ቤት አለው፦
አረፈ፣ ጥላ ሥር፣ ሸክሙን አውርዶ፤
አረፈ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ በሌሊት መርዶ።
የትኛውን? ልለው አልኩና ፈራሁ።
ከንፈሩን በጥጥ አራስኩ። እግሩን አሸሁ።

ማክሰኞ ለሐኪሟ በግልጽ ነገራት።
ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኳን አጠፋች።
"ማን ገፋፋዎት?"
"ማንም።"
"ሕመሙ ቢታገሥልዎትስ?"
"እሱ ታግሦ ያውቃል? ስታገሥ የኖርኩት እኔ ነኝ።"
"ለልጅዎ ሸክም እንዳይሆኑ ብለው ነው?"
ዝም አለ።
ቦዩ ላይ ዳክዬዎች ሲንጫጩ ሰማን።
ሐኪሟ ዝምታውን ጻፈችው፤
እኔ ዋጥኩት፤ አልወረደልኝም።

ሌላ ሐኪም ከግሮኒንገን መጣ፣ የማያውቀው፣
ያንኑ ጥያቄ ከጫፉ ጀምሮ የጠየቀው።
ሕግ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል።
ግን በር የሚያንኳኳ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ያድራል?

ልጁ የትስከ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘች፦
"ይክበደኝ! ማን አይክበደኝ አለ?
አባት የመክበድ መብት የለውም ወይ?" አለች።
ገብታም ነገረችው። አለቀሱ። ደግሞ ሳቁ፣
በፍሪስኛ፣ እኔ በማልሰማው።
ስትወጣ ፊቷ የታጠበ ይመስል ነበር።
"አሁንም ይፈልጋል" አለችኝ፤
"አሁን ግን ስለ እኔ ብሎ አይደለም።"

እኔ መርፌውን አላቀብልም።
ነፍስ የሰጪዋ ናት ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ሕጉም አያስገድደኝም።
እምቢ ማለቱስ ቀላል ነበር፤
ከእምቢ በኋላ እዚያው አልጋ አጠገብ መቆየት ነው ነገር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጢሙን ስላጨው፣
"ስምሽ ምን ማለት ነው?" አለኝ።
"ስንዱ። የተሰናዳች።"
"ተሰናድተሻል?"
"አልተሰናዳሁም።"
"ግድ የለም" አለ፣ አረፋው አገጩ ላይ፤
"ለዛሬ እኔ ልሁን ስንዱ።"

የእንጨት ጫማውን ከግድግዳው አውርጂልኝ አለ።
ሲባጎው በስብሷል፤ ዘንግም የለ።
በሚንቀጠቀጥ እጁ ወደ እኔ ዘረጋው።
ከኪሴ ሃምሳ ሳንቲም አግኝቼ ጣልኩ፤ እንጨቱ ውስጥ ተንኳኳ።
ሐኪሟ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።
ሲብረን ሳንቲሙን አየ፣ እኔን አየ፣
እንደ ድሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦
"ተከፍሏል፤ እለፊ" አለኝ።