መስኮት ቁጥር አራት

የብረት ማቅለጫው ከተዘጋ ወዲህ
ወንዙ ብቻ ቀረ ሥራ ያልፈታ እዚህ፤
ኦሃዮ ነው ስሙ፤ በስተግራ ዳሩ
ኮሌጃችን ቆሟል፤ የሕዝብ ነው በሩ፣
ለገባው ሁሉ ክፍት። እኔ ሎርና ፔትካ፣
መስኮት አራት ሆኜ፣ ማኅተም ይዤ፣
ስንቱ ገብቶ እንዳልወጣ ሳልቆጥር ኖሬያለሁ ለካ።

በነሐሴ ማለቂያ ሰልፉ በር ያልፋል፤
አንዱ የሌት ሥራ ሠርቶ ቆሞ ያንቀላፋል፤
ጋዜጣው ፎቶ አንሥቶ «ሪከርድ ነው» ብሎ ይጽፋል።
በጥር ሰልፉ ያጥራል።
በሚያዝያ ወንበሩ ይተርፋል።
ማን ጠየቀ? ማንም። ወንበር አፍ የለው፣
ሰው ሲጎድልበትም ዝም ነው የሚለው።

ዘንድሮ አዲሷ ዲን፣ ኢሞጂን ስትራውድ፣ መጣች፤
ጠረጴዛዬ ላይ ዝርዝር አስቀመጠች፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም።
«ጥቂት ሲቀራቸው የጠፉ ናቸው፤
በሠንጠረዥ አይደለም፣ በስልክ ፈልጊያቸው።»

ማርሌት ኩዝማ በሦስተኛው ጥሪ አነሣች፤
ከኋላዋ ዘይት ይንጫጫል፣ ዶሮ ጠባሽ ነች።
«አልጀብራ ነው የጣለሽ?» ብላት ሳቀች።
«አልጀብራን አልፌዋለሁ፤ ጎማ ነው የጣለኝ» አለች።
ጎማው በፈነዳ ሳምንት ፈተናው አለፈ፣
ፈተናው ባለፈ ወር ድጎማው ታጠፈ፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌላ እጅ ጻፈ።

ኤልስወርዝ ቢም ደግሞ፣ በመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣
በሠላሳ ስምንት ዶላር ስሙ ተቆልፎበት፣
ሊመዘገብ ሲመጣ «አይቻልም» ያለችው ሴት
እኔ ነበርኩ።
መዝገቡን አየሁት። ፊርማዬ አለበት።

አላስታወስኩትም። ይሄ ነው የከበደኝ።
እሱ ግን ከድምፄ ወዲያው ለየኝ፦
«መስኮት አራት ነሽ» አለኝ።
ምነው በሰደበኝ።

ብዙው አያነሣም። ቁጥሩ ተቀይሯል።
አንዱ ወደ ቴክሳስ ነዳጅ ፍለጋ ተሻግሯል።
የአንዷን እናቷ አነሡ፦ «ዘግይታችኋል» አሉኝ፤
ከዚያ በላይ ምን ይነገራል?

ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በእርሳስ የተሰመረ
ኮርሊስ ፔትዌይ የሚል ስም ነበረ፤
የማቀዝቀዣ ጥገና፣ ስድሳ ክሬዲት። ደመርኩ። እንደገና ደመርኩ፤
ጣቴን አላመንኩትም፣ ካልኩሌተር አስመሰከርኩ፦
ምንም አልጎደለውም። ጨርሷል። ከአራት ዓመት በፊት።
የቀረው የምረቃ ቅጽ ነው፣ አንድ ገጽ፣ ከኋላ ባዶ፣ ጥያቄው ከፊት።
ቅጽ የሚባል መኖሩን ማንም አልነገረው፤
እሱም ወደቅሁ ብሎ፣ መውደቁን አራት ዓመት ኖረው።

ስደውል ከአንድ ገበያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ነበር፤
መሰላል ያዥ ነው፣ ሥራውን ከአለቃው በላይ የሚያውቅ፣
ግን ፈቃድ የሌለው፣ የማይፈርም ነበር።
«ጨርሰሃል» አልኩት። ነፋስ ብቻ ሰማሁ።
«እመቤት፣ ተሳስተሻል፤ እኔ አቋርጬ የወጣሁ…»
«አላቋረጥክም።» ሦስቴ ደገምኩለት፤
በሦስተኛው መፍቻው ሳይሆን አይቀርም ያመለጠው፣
ቆርቆሮው ሲጮኽ ሰማሁት።
ብዙ ቆይቶ፦ «ለልጄ ታዲያ ምን ልበላት?
‹እንደ አባትሽ ጀምረሽ እንዳትተዪ› እያልኩ
በራሴ ነው እኮ የማስፈራራት።»

«ቅጹ ይቅር፣ የጨረሰን እኛው እንንገረው» ብዬ ጻፍኩ፤
ጉዳዩ ኮሚቴ ገባ፤ ኮሚቴው ገና ነው።
ከመቶ ዶላር በታች ዕዳ ግን ከእንግዲህ ስም አይቆልፍም፤
ዲኗ በአንድ ቀን ፈረመችው።
አንድ ቀን! ሃያ ዓመት ያስቆጠረው።

ሐሙስ ዕለት፣ ሊዘጋ ሲል፣ ረጅም ሰው መጣ፤
መልኩን አላወቅሁትም፤
ከቦርሳው አራት የታጠፈ የቅጣት ወረቀት አወጣ፣
መስታወቱ ሥር አሾልኮ ዝም አለ።
ኤልስወርዝ ነበር። የምለውን አጣሁ፤
መስኮቱን ክፍት ትቼ፣ በጓሮ በር ዞሬ ወጣሁ፣
ከጎኑ ቆሜ ቅጹን አብሬው ልሞላ።

ባንኮኒው ደረቴ ድረስ ነበር።
ከዚህ በኩል እንዲህ ከፍ እንደሚል
አላውቅም ነበር።