ስድስተኛው ምንጣፍ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ግዳንስክ ያካፋል።
ከመርከብ ፋብሪካው ሰው ሁሉ ወደ ቤት፣ ወደ መጠጥ ያልፋል፤
እኔ ግን በትራም፣ ብረት ብረት እየሸተትኩ፣
አንድ ደብተር ሸጉጬ፣ ጤና ጣቢያው ምድር ቤት ወረድኩ።

ስድስት ምንጣፍ አለ። በአምስቱ ላይ ባልና ሚስት፤
በስድስተኛው ላይ እኔ፣ ከካፖርቴ ጋር፣ ለሁለት።

አዋላጇ ቦጉሚዋ መዝገቧን ገለጠች፤
«ሚስትህስ?» አለች።
«ሆስፒታል ናት። አትነሺ ተብላ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣
ዛሬ ሰባተኛ ሳምንቷ። ልማርላት ብዬ ነው፣ በሷ ፈንታ።»
አንዱ ባል ፈገግ አለ። እሷ ግን ፈገግ አላለችም፤
ረጅም ትራስ ወረወረችልኝ፤ ሌላ አልጠየቀችም።
«በል፣ ይቺ ናት ሚስትህ፤ ወገቧን እሽላት።»
የትራስ ወገብ የት ነው? ዳብሼ፣ ገምቼ፣ አሸሁላት።

«ምጥ ሲመጣ» ትላለች፣ «ትንፋሽ አይታሰርም።
ይለቀቃል። በቀስታ። አይቸኮልም፣ አይሰሰትም፤
ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው፣ ፉ…»
አሥር አፍ ባንድ ላይ፣ ፉ…
የኔ አልወጣም።

በያጅ ነኝ እኮ እኔ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
በመርከብ ሆድ ተጋድሜ፣ ጉልበቶቼ እስኪዝሉ፣
የኖርኩት ትንፋሽ ይዤ ነው። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ፣
መስመሩ እንዳይወላገድ፣ እሳቱ መንገድ እንዳይለውጥ።
መጀመሪያ ሳንባ ይዘጋል፤ ከዚያ ነው ብልጭታው።
አሁን ማን ይፍታው?

ማታ አራተኛ ፎቅ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣
ደብተሬን ገልጬ፣
ለያግና አስተምራታለሁ፦ የቁርጠቱን ርቀት፣
የፈሰሰውን ውሃ ቀለሙን ማየት፣
አገጭን ከደረት።
«ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚሉት ተረት
ጢም አብቅሎ መጣ!
ከመጋረጃው ወዲያ፣ መንታ ያረገዘችው ሉድቪካ፣
«ይኸን ያህል ካወቅክ አንተው ውለዳ!» ብላ
ትስቃለች። ያግናም ትስቃለች፣ መሳቅ ተከልክላ።

«ብጮህስ?» አለችኝ አንድ ማታ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ።
በስልኬ ብርሃን ደብተሩን አገላበጥኩ፤ ጩኸት የሚል ገጽ የለም።
ማክሰኞን ጠብቄ ጠየቅኩ። ቦጉሚዋ አልተገረመችም፤
«ትጩህ» አለች። «መርከብ እንኳ ወደብ ሲገባ ይጮሃል።»

አልጋውንም እኔው ሠራሁት፣ ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ብረት።
እንከን የለው፣ ንቅንቅ የለው፤ አሥር ሰው ቢቆምበት።
አማቴ ዞር ዞር ብላ አይታው፣
«ለሕፃን ነው» አለች፣ «ወይስ ወንበዴ ልታስርበት ነው?»
ቢጫ ቀባሁት።
አሁን ቢጫ እስር ቤት ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ፣ ከካርቶን ውስጥ አወጣች
የፕላስቲክ ራስ ቅል፣ ትርንጎ የምታህል፤ ጣቴን ይዛ አስቀመጠች፣
እርግብግቢቱ ላይ።
«አጥንቶቹ አልተጋጠሙም። ተደራርበው፣ ተጣጥፈው
ነው በጠባቡ የሚያልፉት። ቢገጥሙማ ማን ሊወለድ ነው?»

የኔ ሥራ ስንጥቅ መድፈን ነው። ፀጉር የምታህል ቀዳዳ
ካመለጠችኝ፣ ባልቲክ ያገኛታል፤ የሰው ነፍስ ናት ዕዳ።
ይቺን ግን ማንም እንዳይነካት፤
ክፍት ትተው ነው የሠሯት።
ጣቴን ለማንሣት ዘገየሁ። አምስቱ ጥንዶች ጠበቁኝ።
ስመለስ፣ ትራሙ ውስጥ፣ የራሴን መሃል አናት ዳበስኩ፤
ተዘግቷል፤ አጥንት ነው።
አንዲት አሮጊት ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ።

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ስልክ ጮኸ።
ቦርሳው በሩ ሥር ነው፤ ካልሲው፣ ዳይፐሩ፣ የተኳረፍንበት ኮፍያ።
አነሣሁት። ቃል የለም።
ፉ… ይላል ከወዲያ ማዶ፤ አይሰሰትም፣ አይቸኮልም።
ቆጠርኩ። አርባ ደረሰ፤
ቆመ፤ ደግሞ ተመለሰ።
«እየሰማኸኝ ነው?» አለች። ከንፈሬ ከከንፈሬ ተጋጥሞ፣
ቀኝ እጄ ጨለማው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
የብየዳ ዘንግ እንደያዘ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣
«ልቀቀው።»